በረንዳው ስንት ፈጀ

ሚያዝያ 4 ቀን 2003

ዛሬ ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ኮት ገለበጥኩ። ከዙህር በኋላ ዘነበና ደጄ እንደለመደው ጭቃ ሆነ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣው መምህር ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ሲገባ አንዷን ሳታት... እስከ ቁርጭምጭሚቱ። እኔ ሳቅሁ። እሱ ብዙም አልሳቀም። ሱሪው ረጅም ነው ብሎ ነበር ያሳጠረው፣ አሁን ይበልጥ ማጠር ሳይኖርበት አይቀርም።

ልጄ አርዋ ከደሴ ደወለች። ያንኑ ነው። «አባ፣ ረመዳን ሳይገባ ይምጡ። ቤቱን ያከራዩት፣ ካልሆነም ይሽጡት። አምና ብቻዎን ማፍጠርዎ ይበቃል።» እኔም ያንኑ መለስኩ፤ አያለሁ አልኳት። ምኑን እንደማየው ግን አላውቅም።

አምና እውነትም ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ ኑርጃን፣ አላህ ይዘንላትና፣ በረመዳን ደጁ ላይ ሰሌን ታነጥፍ ነበር። ጎረቤቱ፣ መንገደኛው፣ የማይጾመው ክርስቲያን ሳይቀር ቁጭ ይል ነበር። ጾሙ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየተሳበ ክረምት ውስጥ ገባ፣ እሷም ሄደች። ጭቃ ላይ ሰሌን አይነጠፍ። አንድ ቴምርና ውሃ ይዤ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ አፈጠርኩ።

ሚያዝያ 9

የመንገድ ሥራው ካምፕ እየተነቀለ ነው፣ ዕቃው በጨረታ ይሸጣል ተባለ። አምባቸው «ጋሽ ጀማል፣ ይምጡ፣ የሚያዩት ነገር አለ» ብሎ ወሰደኝ። አናጢ ነው፣ የአጥር ጎረቤቴ። በአጥሩ መካከል ኑርጃንና የሱ ሚስት የኔአለም ድሮ የከፈቷት ቀዳዳ አለች። በጎን ካልሆነ ሰው አያልፍባትም። ዛሬም የምንገናኘው በሷ ነው።

ካምፑ ውስጥ መሐንዲሶቹ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ፊት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈ በረንዳ አለ። ጣውላው እንጨት ይመስላል፣ እንጨት አይደለም። ሲረግጡት አይንቋቋም። የንብረት ሠራተኛው እንዳለው ሰጋቱራ ከፕላስቲክ ጋር ቀልጦ የተሠራ ነው። ዝናብ አያበሰብሰው፣ ምስጥ አይበላው፣ ቀለም አይፈልግ።

ቆሜ አየሁት። ጭቃው ከታች፣ ሰው ከላይ...

ያማረ ጨርቅ ሳይ እንደሚሆነው ሆንኩ። እጄ ሳላስበው ዳሰሰው።

ሚያዝያ 14

በፖስታ ዋጋ አስገብቼ ነበር፣ ዛሬ ተከፈተ። አሸነፍኩ። ለነገሩ የተፎካከረኝ የለም፤ ሌላው ሰው የተሻማው በቆርቆሮውና በውሃ ታንከሩ ነው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር። በደሴ ዋጋ ቢታሰብ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ቤት ስመለስ ራሴን እንደ ብልህ ሰው ቆጠርኩት።

መውጫው ላይ ደላላው አገኘኝ። ለምን ገዙት፣ ቤቱን ለሽያጭ ሊያሳምሩ ነው ወይ አለኝ። ደህና ገዢ ካመጣህ እንጃ ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀ።

ማታ ለአርዋ ደወልኩላት። ቁርጥ ያለ ነገር ተነጋገርን። በረመዳን የመጀመሪያ ቀን በረንዳው አልቆ ሰው ተቀምጦበት ካፈጠረ፣ እዚሁ መካነ ሰላም እኖራለሁ፤ ዳግመኛም ይምጡ አትለኝም። ካላለቀ ሻንጣዬን ይዤ ደሴ። ሳቀች። «አባ፣ ቃልዎ ነው?» አለች። ቃሌ ነው አልኩ።

ለመግባባት ያህል ነው የሳቀችው። ግን ልጄን አውቃታለሁ። ክፍሉን አሁኑኑ ታዘጋጃለች።

ሚያዝያ 19

ጣውላው ቤት ገባ። ካምፑ ለከተማው ቅርብ ነው ብዬ ማጓጓዣውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። የአይሱዙው ሹፌር «አገሩን ሁሉ መንገድ ያወጡት ሰዎች የራሳቸውን መግቢያ ሳይሠሩ ነው የሄዱት» ብሎ ስድስት መቶ ጠራ። ተጨቃጭቀን አራት መቶ ሃምሳ። ጫኝና አውራጅ ለብቻ። ያን የሚያህል ጣውላ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አልገመትኩም፤ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

አምባቸው የፋሲካው ምግብ ገና ከላዩ አልወረደለትም፣ ሲራመድ ይከብደዋል። ቢሆንም መጥቶ አብሮ አወረደ።

ሚያዝያ 22

አምባቸው አንዱን ጣውላ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ መሃሉን ረገጠው። ጎበጠ።

«ጋሽ ጀማል፣ የገዙት ቆዳውን ነው» አለኝ። «አጥንቱስ?»

እኔ ልብስ ሰፊው! ሰው ጨርቅ ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ ገበሩን፣ ክሩን፣ ቁልፉን ስነግረው ሲደነግጥ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ? ዛሬ ተራዬ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ጣውላ ከባህር ዛፉ ይልቅ ልፍስፍስ ነው። ከሥሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት አግዳሚ ካልተደረደረለት ይረግባል። ስለዚህ ለሌላው ጣውላ ከሚበቃው እጥፍ አግዳሚ። አግዳሚው ቋሚ ይፈልጋል፣ ቋሚው የድንጋይና የሲሚንቶ መሠረት። ቋሚው ባህር ዛፍ ከሆነ ላዩ ለዘላለም ይኖራል፣ ሥሩን ምስጥ በሁለት ክረምት ይበላዋል። ስለዚህ ጥድ። ጥድ ደግሞ ተወዷል። ሚስማር አይሆነውም፣ ቪቴ ነው፤ ቪቴውም የማይዝግ፤ የማይዝገው እዚህ የለም፣ ከደሴ ይመጣል። መሰርሰሪያ በኪራይ። ቋሚው የሚቀባው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ብቻ ነው በነጻ የሚገኘው፤ እሱንም ጋራዡ «ጀሪካኑን ይመልሱ» ብሏል።

አምባቸው ሲቆጥር እኔ ጣቴን ማጠፍ ጀምሬ ነበር። ጣቴ አለቀ።

ኑርጃን ብትኖር... «ርካሽ አገኘሁ ስትል ነው የምፈራህ» ትለኝ ነበር።

ግንቦት 3

ድንጋዩ መጣ። ሲሚንቶ ገዛሁ። አምባቸውን የእጅህንስ ብዬ ጠየቅሁት። እሱን ተዉት አለኝ። መተው አይሆንም፣ ቁርጡን ንገረኝ ብለው፣ በኑርጃን ቤት ነው ሒሳብ የምናገረው ብሎ ተቆጣ። የሚሰጡትን ይሰጡኛል፣ እንደወደዱ አለ።

እንደወደዱ! እዚህ አገር እንደዚህ የሚባል ዋጋ አለ፣ ከዋጋ ሁሉ የከበደ። መውቀስም አልችልም፣ እኔም ለጎረቤት ስሰፋ ያንኑ ነው የምለው። ትንሽ ሲሰጡኝ ቅር ይለኛል። ብዙ ሲሰጡኝም ቅር ይለኛል፣ እንደ ባዕድ አዩኝ ብዬ። ታዲያ ልኩ የቱ ጋ ነው? ለአንድ ሰው እንኳ ነግሬው አላውቅም።

ግንቦት 9

ታች ገበያ ወዳለው ሌላ አናጢ ሄድኩ። ወግዲ ያለ አንድ ዘመዴ በረንዳ ሊያሠራ ነው ብዬ በዘወርዋራ ጠየቅሁት። ለላዩ ብቻ ይህን ያህል፣ ከሥሩ ጀምሮ ከሆነ እጥፉን አለኝ። አመስግኜ ልወጣ ስል፣

«ዘመድዎ ጋሽ ጀማል የሚባሉት ናቸው?» አለኝ።

ከተማው ሁሉ ያውቃል። አፍሬ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ገባኝ። ለጣውላው አንድ ብር ካወጣሁ፣ ከሥሩ ላለው፣ ለመንገዱና ለእጁ ሦስት ብር አወጣለሁ። ከላይ የሚታየው ከሁሉ ርካሹ ነው። ሰውም እንዲህ ይሆን? ሶላቴን ሰው ያያል። ከሥሩ ያለውን ማን ያየዋል... ምስጥ የበላው ስንት ቋሚ አለኝ?

ግንቦት 20

በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ከሰሞኑ ለቀበሌውና ለትምህርት ቤቱ ባንዲራ ስሰፋ ከረምኩ። በሱ ገንዘብ ጥዱን ገዛሁ። ሰልፉ በደጄ ሲያልፍ ባንዲራውን ሳይ ቋሚዎቼ ሲውለበለቡ ነው የታየኝ። አስተግፊሩላህ።

አምባቸው የመሠረቱን ጉድጓድ ሁሉ ቆፍሮ ጨረሰ። እጁ ፈጣን ነው። በዚህ ከሄደ ክረምቱ ሳይጠነክር ያልቃል፣ ኢንሻአላህ።

ሰኔ 2

ዛሬ የሆነው ነገር ግራ ገባኝ። የኔአለም በአጥሩ ቀዳዳ መጥታ የኑርጃንን ወንፊት መለሰች። ኑርጃን ካዋሰቻት ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ይሆናል። ይዘሽው ቆይ፣ እኔ ወንፊት ምን ያደርግልኛል አልኳት። እምቢ አለች፣ «ሐቅዎ ነው» ብላ አስቀምጣው ቶሎ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር ልበል?

ከሰዓት ዙሀራ ሙቀጫውን ከነዘነዘናው አመጣች። ዙሀራ የዳቦ ነጋዴዋ ናት፣ ከመንገዱ ማዶ። ኑርጃን እያለች ሙቀጫው የማን እንደሆነ እስኪረሳ ድረስ እሷ ዘንድ ነበር። ወደ ማታ ደግሞ ትልቁ ብረት ድስት። ስሙን እንኳ የማላውቀው ልጅ ነው ያመጣው።

ቤቴ ዕቃ በዕቃ ሆነ። ሰው ምን ነካው? የሞተች ሰው ዕቃ ከበዳቸው እንዳልል፣ እስከ ዛሬስ?

ሰኔ 11

አምባቸው ቀዘቀዘ። አራት መሠረት ሞልቶ ነበር። ዛሬ ውሃ ልኩን አስቀምጦ አየና አንዱ ዘቅዝቋል ብሎ አፈረሰው። እኔ ምንም መዘቅዘቅ አላየሁበትም። ቢሆንም እሱ ነው የሚያውቀው።

ከነገ ወዲያ ከላላ የምሄድበት ለቅሶ አለብኝ አለ። ለቅሶ አትሂድ አይባል።

ሰኔ 19

ዝናብ። አምባቸው መጣ፣ ቋሚዎቹን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ለምን ነቀነቀ?

ሰኔ 28

ቪቴው ከደሴ መጣ። መብራት ጠፋ። መብራት መጣ። አምባቸው መሰርሰሪያው ተበላሸ አለኝ። እኔ ስሞክረው ይሠራል።

ሼህ ዑበይዳ በደጅ ሲያልፉ ከመንገዱ ላይ ሆነው ሰላም አሉኝ። ልጆች ቁርአን የሚያቀሩት የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ድንጋዩን ዘለው መግባት ካቆሙ ዓመት አለፈ። እኔም ልወጣ ስል ነበር። እጃቸውን ዘርግተው «አላህ በሄድክበት ይባርክልህ፣ ደጉን ያገናኝህ፣ እኛንም አትርሳን» እያሉ ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። አሜን አልኩ። የምሄደው ግን ክር ልገዛ ገበያ ነበር። ለክር ይህ ሁሉ ዱዓ?

አርዋ ደወለች። ክፍሉን ሰማያዊ ቀለም አስቀባችው፣ ሞቃት ነው፣ መስጊዱ ቅርብ ነው። ደግ ልጅ ናት። በረንዳው እንዴት ሆነ ስትለኝ ቋሚው ቆሟል አልኳት። አልዋሸሁም። ሁለቱ ቆመዋል።

ሐምሌ 6

ረመዳን እየደረሰ ነው፣ አግዳሚው ገና አልተጀመረም። ዛሬ አምባቸው አልመጣም። ጠዋት ግን በአጥሩ ሳይ ግቢው ቁጭ ብሎ በርጩማ ይጠርባል። የሚሸጥ በርጩማ አይደለም፣ እንዲሁ እንጨት መፋቅ ነው።

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ዋጋ አልናገርም ያለው ኋላ ሲጨንቀኝ ብዙ እንድሰጠው ይሆን? የአስርን ሶላት ሰግጄ ቁጭ ብዬ ራሴን መረመርኩ። ኑርጃን ታማ ስትተኛ ቃሬዛውን ከፊት የያዘ ሰው ነው። እንዴት ይህን አሰብኩ? አላህ ይቅር ይበለኝ።

ይቅር ይበለኝ አልኩና ደግሞ መልሼ አሰብኩት። እንዲህ ነኝ።

ሐምሌ 8

ዛሬ የሆነውን ሁሉ መጻፍ አለብኝ።

ገንዘብ በፖስታ አድርጌ በቀዳዳዋ በጎን ገባሁ። የኔአለም ጓዳ ናት፣ አምባቸው ያንን በርጩማ ይፍቃል። ሌላ ሰው ቀንህን ገዝቶት ከሆነ አልቀየምም፣ ያልከፈልኩህ ከሆነ ይኸው ተቀበል፣ ብቻ ጨርስልኝ አልኩት። ፖስታውን እንደ እባብ አየው። ፊቱ ጠቆረ።

የኔአለም ወጣች።

«ጋሽ ጀማል፣ ሰውዬው የሚጎተተው ገንዘብ ጎድሎበት አይደለም» አለች። «እርስዎ እንዳይሄዱ ነው።»

«ወዴት?»

«ደሴ ነዋ። ቤቱን ሸጠው።»

ቤቴን የምሸጠው እኔ መሆኔን የሰማሁት ይኸን ጊዜ ነው። ደላላው በጨረታው ቀን የቀለድኩትን ይዞ ከተማውን አዳርሶታል። ገዢም እያፈላለገልኝ ነው! ወንፊቱ፣ ሙቀጫው፣ የሼህ ዑበይዳ ዱዓ... ሁሉም ስንብት ኖሯል።

አምባቸው አንገቱን እንደደፋ ነው የተናገረው።

«አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራው አጥር ነው። ይችን ቀዳዳ ይደፍናታል። በገዛ እጄ ለገዢ ላሳምርለት? በረንዳው ካላለቀ ቤቱም አይሸጥ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ» አልኩት፣ «በረንዳው ካላለቀ ነው የምሄደው።»

ከአርዋ ጋር የተነጋገርነውን ነገርኩት። አፉን ከፍቶ ቀረ። በእጁ የያዘውን በርጩማ አየው፣ እኔን አየኝ። መጀመሪያ የሳቀችው የኔአለም ናት። ከዚያ ሦስታችንም። እኔ ዕንባዬ እስኪወርድ።

ለምን አልጠየቃችሁኝም ስላቸው የኔአለም ምን አለች፤ «ሰው ሊሄድ ሲል ‹ትሄዳለህ ወይ› ብሎ መጠየቅ ማስወጣት አይመስልም?»

እኔስ? በረንዳውን ለምን እንደፈለግሁት ለአንድ ሰው ተናግሬያለሁ? ጭቃ ጠልቼ ነው አልኩ። ሰው ናፈቀኝ ማለት አፈርኩ። እነሱ እንዳልሄድ ለምነው ማስቀረት አፈሩ። ስንተፋፈር ልንለያይ ነበር።

ፖስታውን የኔአለም ኪሴ ውስጥ መልሳ ከተተችው። አምባቸው በርጩማውን ወርውሮ መጋዙን አነሳ። «አብሽሩ፣ ጋሽ ጀማል።»

ሐምሌ 9

ፈጅር ሰግጄ ስወጣ አምባቸው ደርሷል። ዝናብ ሊያቆም አይመስልም፣ በዝናብ ደግሞ መሰርሰሪያ አይያዝም። የጆንያና የላስቲክ ቁራጭ ሰብስቤ በመኪናዬ እየሰፋሁ ትልቅ ሸራ አወጣሁ። ከጣራው ክፈፍ እስከ አጥሩ ዘረጋነው። ከሠላሳ ዓመት የልብስ ስፌት በኋላ ለደጅ ልብስ ሰፋሁ።

ደላላው መጣ። «ገዢ አለኝ፣ ጥሩ ዋጋ...» ሲል አምባቸው የአግዳሚውን ጫፍ አስያዘው። እስከ ዙህር ተሸክሞ ዋለ። ደግ ሰው ነው፣ አፉ ብቻ ነው።

ሐምሌ 13

ወሬው ተገልብጦ ሰፈሩን ዞረ። «አይሄዱም» የሚለው «ይሄዳሉ» ከሚለው ፈጠነ። ሰው እየመጣ ነው። አንዱ ድንጋይ ያቀብላል፣ አንዱ ዘይት ይቀባል፣ ሦስቱ ቆመው ምክር ይሰጣሉ። ምክር ከሚሰጡት ይልቅ ዝናቡ ይረዳል አለ አምባቸው።

ዙሀራ ሙቀጫዋን መልሳ ወሰደች። «ሙቀጫዬን» ነው ያለችው።

ሐምሌ 18

አግዳሚው አለቀ። ጣውላው መነጠፍ ጀመረ። አምባቸው በጣውላና በጣውላ መካከል የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዋል። ምነው አላስጠጋኸውም ብለው፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰፋል፣ መተንፈሻ ካላገኘ ተጋፍቶ ይነሳል አለኝ። ደግሞም ውሃው ይወርዳል።

ሼህ ዑበይዳ በዱላቸው ተደግፈው ከመንገዱ ሲያዩ ዋሉ። የዚክር መቁጠሪያቸውን ሙስበሃ እያሳዩ ይህ በዚያ ቢሾልክስ ብለው ተጨነቁ። ፍሬው በክር የተያዘ ነው ብዬ አረጋጋኋቸው። እሳቸውም፣ «እኔ የምፈራው ለክሩ ነው፣ አንተ ነህ የሰካኸው» አሉኝ። ከኋላቸው የቆሙት የሚያቀሯቸው ልጆች ሁሉ ሳቁብኝ።

ሐምሌ 22

ሦስት ጣውላ ጎደለ። ስገዛ አንዳንዱ ጫፉ የተሰነጠቀ እንደነበር አላሰብኩም፣ ተቆርጦ ሲወጣ አጠረ። ካምፑ ባዶ ሜዳ ሆኗል። ይህን ጣውላ የሚሸጥ በአገሩ የለም። ቀኑም የለም። ይኸው ነው በቃ አልኩ።

አምባቸው የጎደለውን በክንዱ ለካው። ከዚያ ወደ ግቢው ሄዶ ለልጁ አልጋ ያደረቀውን የወይራ ጣውላ አመጣ። አይሆንም አልኩ። «አልጋው ሌላ ጊዜ ይሠራል፣ ልጁ ከኔ ጋር ነው የሚያድረው» አለ። ከመግቢያው ላይ አነጠፈው። ቀለሙ ይለያል። ወደ ቤቴ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው እሱን ነው።

ሐምሌ 24

አርዋ ዛሬ ገባች። ልትወስደኝ ነበር የመጣችው፣ ባዶ ሻንጣ ሳይቀር ይዛለች። ደጁ ላይ ቆማ ቀረች። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደች፣ ተመለሰች። ልጅ ሆና ጭቃው ላይ ስትጫወት እናቷ የምትቆጣት ትዝ አለኝ።

ከዚያ እንደ ደሴ ሰው ጠየቀችኝ፤ «አባ፣ ስንት ፈጀ?»

ልነግራት ጀመርኩ። ጣውላው ይህን ያህል፣ አይሱዙው፣ ሲሚንቶው፣ ጥዱ፣ ቪቴው... አምባቸው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የወይራው ጣውላስ? ሸራውን የያዙት? ደላላው የተሸከመበት ግማሽ ቀን? አምባቸውም እዚያው ሆኖ የመጨረሻውን ቪቴ እየጠመዘዘ ይሰማ ነበር።

«እንግዲህ የእጄን ዋጋ ልናገር» አለ አምባቸው። «ነገ ከናንተ ጋር እበላዋለሁ።»

«አንተ ነገ አትጾም» አለችው አርዋ።

«የኛ ፍልሰታ ገና ነው። ቢሆንም ባዶ ሆዴን ነው የምመጣ፣ ሒሳብ ነው።»

ጨረቃ ታየች ተባለ። አርዋ ባዶውን ሻንጣ አልጋ ሥር ገፋችው። አላመመኝም ብትል አላምናትም። እጇን ይዤ፣ ሰማያዊውን ክፍል አደራ አትዝጊው፣ ለዒድ መጥቼ አድርበታለሁ አልኳት። «ሌላ ጊዜ ይምጡ አልልዎትም፣ ቃሌ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «አልልም ማለት ግን አልፈልግም ማለት አይደለም» አለች። አውቃለሁ ልጄ።

ሐምሌ 25

የመጀመሪያው ቀን። አልሀምዱሊላህ።

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አርዋና ዙሀራ ሾርባውን በትልቁ ድስት ጣዱት። የኔአለም የሳንቡሳውን ዱቄት ልትነፋበት የመለሰችውን ወንፊት አነሳች፤ ስትሄድም ይዛው ሄደች።

መግሪብ ሳይደርስ ሰው መምጣት ጀመረ። ሸራው አልተነሳም፣ ከላይ ዝናቡ ይደበድበዋል፣ ከታች ውሃው በክፍተቱ ይወርዳል። ሼህ ዑበይዳ በወይራው ጣውላ ላይ እግራቸውን አሳርፈው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ። መሃል ተቀመጡ። ደላላው ከነልጁ። ያ ሱሪው ጭቃ የነካው መምህር። አምባቸው ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ጥግ ይዟል፤ የኔአለም እንደምትለው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም፣ ሰዓት የሚጠይቀውም ከኛ ይልቅ እሱ ነው። ደርሷል ወይ፣ ደርሷል ወይ... «ገና አንድ ቀንህ ነው፣ እኛ ሠላሳ አለብን» አሉት ሼህ ዑበይዳ።

አዛን አለ። ቴምሩን እያደልኩ እስከ መጨረሻው ሰው ደረስኩ። ከዚያ ለራሴ መቀመጫ ስፈልግ ዙሪያውን አየሁ። ከዳር እስከ ዳር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመዋል፣ እጅ እንኳ የሚገባበት የለም። «ጋሽ ጀማል፣ እዚህ ጠጋ ይበሉ» ይላል ሁሉም፣ የሚጠጋ ግን የለም፤ ወዴት ይጠጋል?

የራሴ ደፍ ላይ ቆሜ አፈጠርኩ።